የኪሳራ ትርፍ

አጎቴ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሹምነት የፈጁ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢቆጠሩም ደረሰኝ ሲያዩ እጃቸው አርፎ አይቀመጥም፤ ከገበያ በተመለስን ቁጥር ወረቀቷን ከፌስታሉ ፈልገው፣ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ይደምሯታል። የማሽኑ ድምር አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እሳቸውም አንድ ቀን ማሽኑን አምነውት አያውቁም።

በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ካርዲፍ ድረስ ሊጠይቁን መጡ። የዌልስን ክረምት የሚያውቅ ምን እንደጠበቃቸው ይገባዋል፤ እዚህ ዝናብ ከላይ ወደ ታች አይወርድም፣ ከጎን ነው የሚመጣው። ጃንጥላ ዘርግቶ የወጣ ሰው እንግዳ መሆኑ በዚያው ይታወቃል። ጋሼ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ላይ ቀሩ። እኔም እዚህ ከተማ ስድስት ዓመት የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ የአገሩን ወግ ላሳያቸው ብዬ፣ ጥር 25 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩና «ይኸውልዎ ጋሼ፣ ራግቢ ማለት ይሄ ነው» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም የማውቀው ጎረቤታችን ያስተማረኝን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ማስተማር የሚጀምረው ከሁለተኛው ቢራ በኋላ ስለሆነ ትምህርቱ መግቢያ የለውም።

ያን ቀን ከሦስታችን ጋር ተቀምጧል፤ ባለቤቴ አንድ ዓይኗ ሕፃኑ ላይ፣ እሱ ቀይ ሹራቡን ለብሶ፣ ጋሼ መነጽራቸውን እየጠረጉ። ውድድሩ የስድስቱ ሀገራት የሚባለው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1883 እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ ጀመሩት፣ በ1910 ፈረንሳይ ገባች፣ በ2000 ጣልያን ተጨመረች። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ጊዜ ይጫወታል፤ ከዓመቱ ወራት ሁሉ መርጠው ሰው ከቤቱ መውጣት የማይፈልግባቸውን ሁለቱን ያዙ።

«ኳሱን ለምንድነው ወደ ኋላ የሚያቀብሉት?» አሉ ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ።

«ወደ ፊት በእጅ ማቀበል ክልክል ነው።»

«ታዲያ በምን ወደ ፊት ይሄዳሉ?»

«ይዘው ይሮጣሉ።»

«ሲያዙስ?»

«ይወድቃሉ። ከላያቸው ሌሎች ይወድቁባቸዋል። ከዚያ ኳሱ እንደገና ወደ ኋላ ይወጣል።»

ጋሼ ጥቂት አሰቡና «ገባኝ» አሉ። «እኛ መሥሪያ ቤት ፋይል የሚሄደው እንዲህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ ቀለለኝ። መስመሩን አልፎ ኳሷን መሬት ያስነካ «ትራይ» አስቆጠረ ይባላል፣ 5 ነጥብ። ስሙ «ሙከራ» ማለት ነው፤ ጥንት መስመሩን ማለፍ ራሱ አንድም ነጥብ አያስገኝም፣ ወደ ግቡ ለመምታት የመሞከር ፈቃድ ብቻ ነበር። ሠላሳ ሰው እየተላተመ፣ ጥርስ እየወለቀ፣ ትርፉ የማመልከቻ ቅጽ! ይህንንም ጋሼ ያለ ችግር ተረዱ።

ያልተረዱት ውጤቱን ነው። ስኮትላንድ ከዕረፍት መልስ 27 ለ 0 ስትመራ ጎረቤቴ ተነሣና «ውሻዬን ላናፍስ» ብሎ ወጣ። ውሻ የለውም። እሱ በዝናቡ ውስጥ የሌለ ውሻ ሲያናፍስ ዌልስ አንድ ትራይ አገባች፣ ሁለተኛ ደገመች፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከየቤቱ የሚወጣው ጩኸት መንገድ ላይ አግኝቶት መሰለኝ እየሮጠ ተመለሰ፤ ምንጣፋችን ላይ ውኃ እያንጠባጠበ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ቆሞ ጨረሰ። 27 ለ 26። ዌልስ በአንዲት ነጥብ ተሸነፈች።

ጎረቤቴ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሁለት ነጥብ!» አለ።

«ማን አሸነፈ?» ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስኮትላንድ።»

«ታዲያ ይሄ ምን አግኝቶ ነው የሚጨፍር?»

እንግዲህ ይህን ለሒሳብ ሹም ማስረዳት ነው ችግሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 ወዲህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ያሸነፈ 4 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 2። እዚህ ላይ ቢቆም ማንም አይጣላም። ነገር ግን አራት ትራይ ያስቆጠረ፣ ቢሸነፍም፣ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። በ7 ነጥብና ከዚያ በታች የተሸነፈ ደግሞ ለቅርብ ተሸናፊነቱ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ዌልስ አራት ትራይ አስቆጥራ በአንድ ነጥብ ስለተሸነፈች ሁለቱንም ወሰደች። ባዶ እጇን መሄድ ሲገባት የአቻ ደመወዝ ይዛ ገባች።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ሻንጣቸውን ከፍተው ባለ መስመር ደብተር አወጡ፣ ስድስት አምድ አሰመሩ፣ በእያንዳንዱ አናት ላይ የአገር ስም ጻፉ። «እኔ ኪሳራን ገቢ ብዬ መዝግቤ ቢሆን ኖሮ» አሉ እስክሪብቶውን እየነቀነቁ፣ «ዛሬ የምትጠይቀኝ ቃሊቲ ነበር።»

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ተመልካች ሆነ። ጎረቤቴ ጨዋታ ያያል፣ ጋሼ ኦዲት ያደርጋሉ። በሁለተኛው ሳምንት ዌልስ ለንደን ሄዳ በእንግሊዝ 16 ለ 14 ተሸነፈች፤ በደብተሩ ላይ አንድ ነጥብ ተጨመረ። በዚያው ቀን ኤዲንብራ ላይ ስኮትላንድ ከፈረንሳይ ጋር 20 ለ 16 እየተመራች የመጨረሻው ጥቃት ላይ አንድ ክምር ሰው መስመሩ ላይ ወደቀ። ኳሷ ከክምሩ ሥር ነች። ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ «ትራይ አላየሁም» ብሎ ጉዳዩን ወደ ቪዲዮ ዳኛ መራው። ፊልሙ ይመለሳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። አንድ ተጫዋች ጫማ ላይ ያረፈች ኳስ፣ ከጫማው ተንሸራታ ሣሩ ላይ። እኔ አየሁ፣ ጎረቤቴ አየ፣ ሕፃኑም ያየ ይመስለኛል። ግን የመጀመሪያው ዳኛ «አይደለም» ስላለ፣ ያንን ለመሻር የሚበቃ ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም ተባለ። ጨዋታው በዚያው አለቀ። እዚህ ላይ ጋሼ ብቻ ነበሩ ከዳኛው ጋር የቆሙት፤ «ሰነዱ አለ፣ ፊርማው አልታየም» ብለው መዘገቡ።

ዋንጫዎቹን ሲሰሙ ግን እሳቸውም ተረቱ። እኔ አንድ ዋንጫ ያለ መስሎኝ ነበር። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ስትጫወት የራሱ ዋንጫ አለው። ከአየርላንድ ጋር ሌላ፣ ከፈረንሳይ ጋር ሌላ፣ ከዌልስ ጋር ሌላ፣ ከጣልያን ጋር ሌላ። የአንዳንዶቹ ምክንያት ልብ ይነካል፤ የዌልሱ በሞተር ኒውሮን በሽታ በሞተው በስኮትላንዳዊው ዶዲ ዊር ስም ነው፣ የጣልያኑ በኮሮና በሞተው በማሲሞ ኩቲታ። በእነዚያ አልቀልድም። ግን ስኮትላንድ በአንድ ውድድር ውስጥ አምስት ጊዜ ተጫውታ አምስት ዋንጫ ላይ ትወዳደራለች ማለት ነው፤ ስድስተኛው ዋናው ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱን ወስዳ አራተኛ ወጣች።

ከዋንጫዎቹ ሁሉ የጋሼን ልብ ያገኘው የእንግሊዝና የስኮትላንዱ ነው። ካልካታ ይባላል። በሕንድ የካልካታ ከተማ እንግሊዞች ያቋቋሙት የራግቢ ክለብ ነበረ፤ አባል እየራቀው ሲሄድ ለመዝጋት ወሰኑ፣ ባንክ ያለውን ገንዘብ በብር ሩፒ አወጡት፣ 270 ሩፒ አቅልጠው በፈረንጅ በ1878 ዋንጫ አሠሩበት። ሦስት እጀታ አለው፣ ሦስቱም እባብ፣ ክዳኑ ላይ ዝሆን ቆሟል። ጎረቤቴ ይህን የነገራቸው እባቦቹ እንዲያስቋቸው ነበር። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፦ «ሒሳቡን ዘግቶ፣ ቀሪውን አውጥቶ ያስረከበ ክለብ!» በ1988 አንድ እንግሊዛዊና አንድ ስኮትላንዳዊ ተጫዋች ከግብዣ በኋላ ሰክረው ይህን ዋንጫ በኤዲንብራ ጎዳና ላይ እየጠለዙ እንደጎዱት ግን እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም። የሚችሉት አይመስለኝም።

የካልካታው ጨዋታ የካቲት 16 ነበር፤ ዱሃን ቫን ደር መርቨ ብቻውን ሦስት ትራይ አግብቶ ስኮትላንድ 30 ለ 21 አሸነፈች። የራሴን ጉድ ሳልናገር ባልፍ ትዝብቱ ይጎድላል። የሥራ አለቃዬ ስኮትላንዳዊ ነው። ሰኞ ጠዋት «እንኳን ደስ ያለህ፣ አሸነፍን» አልኩት። ማታ ጎረቤቴ ዌልስ በአየርላንድ 31 ለ 7 መረታቷን አንሥቶ ሲያማርር «ምን እናድርግ፣ ተሸነፍን» አልኩት። ስደተኛ ቡድን የሚመርጠው በቅርበት ነው፤ አለቃ ይቀርባል፣ ጎረቤትም ይቀርባል። ጋሼ ይህንን በየትኛው አምድ እንደመዘገቡት አላውቅም፣ ቀና ብለው አይተውኝ ግን የሆነ ነገር ጽፈዋል።

አሁን ወደ ጣልያን እንምጣ።

ጣልያን በዚህ ውድድር ውስጥ በሰፈር ዕቁብ ላይ ዕጣዋ እንዳልወጣላት ሴት ነች። በፈረንጅ ከ2015 እስከ 2022 ድረስ 36 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፋለች። በየዓመቱ «ትውጣና ሌላ ይግባ» የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ ላይ የጋሼ አቋም የታወቀ ነበር፤ አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ጣልያን ደብሊን ላይ 36 ለ 0 ስትቀጣ «እሰይ!» ብለው በደብተሩ ላይ ዜሮዋን አጥብቀው ከበቧት። ትውጣ የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን ጎረቤቴ ሲነግራቸው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። «ለምን? አባል አይደለችም እንዴ? መዋጮዋን እየከፈለች?»

የካቲት 17 እሑድ ሊል ላይ ከፈረንሳይ ጋር ተጫወተች። ፈረንሳይ ከዕረፍት በፊት አንድ ሰው በቀይ ወጥቶባት 14 ቀርታለች። 13 ለ 13 ሆኖ ሰዓቱ ሲያልቅ ጣልያን ቅጣት ምት አገኘች፤ ከገባች 3 ነጥብ፣ ፈረንሳይን በሜዳዋ። መቺው የ23 ዓመቱ ፓኦሎ ጋርቢሲ ነው። የሞላላ ኳስ ነገር እንደምታውቁት ነው፣ በራሷ አትቆምም፤ በትንሽ የፕላስቲክ መቆሚያ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ወደ ኋላ ትራመዳለህ፣ ትተነፍሳለህ። ለዚህ ሁሉ 60 ሴኮንድ ይሰጣል፣ ሰዓቱም በቴሌቪዥኑ ጥግ ወደ ታች ይቆጠራል። ልጁ አስቀመጠ፣ ተራመደ፣ ተነፈሰ። ኳሷ ማንም ሳይነካት ቀስ ብላ ወደቀች። ልክ እንደ ደከማት ሰው፣ ጋደም አለች። ሮጦ ተመለሰ፣ አቆማት፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ያን ያህል መተንፈሻ የለም፣ መታት፣ ኳሷ ሄዳ የግቡን ቋሚ ብረት «ኳ!» አድርጋ ተመለሰች።

«ወይኔ ልጄን!» አለ አንድ ድምፅ።

ጋሼ ናቸው። ጋቢያቸው መሬት ወድቋል፣ ሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ነው።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለች።

«ምንም… ጣልያን ሳተ።»

«ታዲያ ደስ አይልዎትም? ዓድዋ እኮ ስድስት ቀን ነው የቀረው።»

ጋሼ ጋቢያቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በደብተሩ ላይ ለሁለቱም 2፣ 2 ነጥብ አስገቡ፤ የዚያን ቀን ሌላ አልተናገሩም።

የካቲት 23 ጨዋታ አልነበረም፣ ውድድሩ የሳምንት ዕረፍት ላይ ነበር። እግዜር አወጣቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው አዲስ አበባ ደወሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ስለ ምኒልክና ስለ ጣይቱ አንድ ሰዓት አወሩ። ስለ ጋርቢሲ አንድም ቃል አልወጣቸውም። በሳምንቱ፣ የካቲት 30፣ ሮም ላይ ጣልያን ስኮትላንድን 31 ለ 29 አሸነፈች፤ በዚህ ውድድር በገዛ ሜዳዋ ስታሸንፍ በ11 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ተጫዋቾቹ ያለቅሳሉ፣ ሕዝቡ ያለቅሳል። ጋሼም ያጨበጭባሉ። እኔ ምንም አላልኩም፣ እሳቸው ግን ራሳቸው ተከላከሉ፦ «እኔ ጣልያንን ደግፌ አይደለም። ሁልጊዜ ከተበደለው ጎን ነው የምቆም። ያኔ የተበደልነው እኛ ነበርን፤ አሁን ደግሞ…» አልጨረሱትም። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ሕፃኑ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሻምፒዮኗ አየርላንድ ናት። ስለ እሷ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥራውን በደንብ የሚሠራ ሰው ለትዝብት አይመችም። በመጀመሪያው ቀን ማርሴይ ሄዳ ፈረንሳይን 38 ለ 17 ገረፈች፣ በዚያው ቀጠለች። አንዴ ብቻ ተሰናከለች፤ ለንደን ላይ በመጨረሻዋ ቅጽበት የእንግሊዙ ማርከስ ስሚዝ ኳሷን መሬት አንጥሮ መታት፣ 23 ለ 22። ለዚያም ሽንፈት አንድ ነጥብ ተሰጣት። እንግሊዝም በተራዋ በመጨረሻው ቀን ሊዮን ላይ በፈረንሳይ 33 ለ 31 ተሸንፋ ሁለት ነጥብ ይዛ ተመለሰች። ጋሼ በዚህ ጊዜ መገረም ትተው ነበር፤ ዝም ብለው ይመዘግባሉ።

መጋቢት 7፣ ዐቢይ ጾም በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ጣልያን እዚሁ ካርዲፍ መጣች። ጎረቤቴ በአንድ በኩል፣ ጋሼ በሌላው፣ እኔ መሃል። ጣልያን ከፊት ሆና ጨዋታውን ይዛዋለች፤ መዳን እንደሌለ ታውቋል፣ ሰው ከስታዲየሙ እየወጣ ነው። ዌልስ ግን ትሮጣለች። መጨረሻዋ ላይ ትራይ አስቆጥራ ልዩነቱን ወደ 3 አወረደች፣ 24 ለ 21 አለቀ። ጎረቤቴ ዓይኑ ቀልቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ «አንድ ነጥብ» አለ።

የያኔው የዌልስ አሠልጣኝ ዋረን ጋትላንድ ከጨዋታው በኋላ ለፌዴሬሽኑ ኃላፊ መልቀቂያ ላስገባ ብለው አይሆንም ተባሉ። «መልቀቂያ ጠይቆ የተከለከለ አለቃ!» አሉ ጋሼ በአድናቆት። ከዚያ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሒሳቡን ዘጉ። አየርላንድ 20፣ ፈረንሳይ 15፣ እንግሊዝ 14፣ ስኮትላንድ 12፣ ጣልያን 11፣ ዌልስ 4።

እስክሪብቷ ስኮትላንድና ጣልያን ላይ ቆመች። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። ጣልያን በዚያ ላይ አንዴ አቻ ወጥታለች። እርስ በርስ ሲገናኙም ያሸነፈችው ጣልያን ናት። ግን ስኮትላንድ በላይ ናት፣ ምክንያቱም ሦስቱንም ሽንፈቶቿን በጥቂት ነጥብ ነው የተሸነፈችው፤ ከሽንፈት ብቻ 4 ነጥብ ሰብስባለች። «ማለት» አሉ ጋሼ በቀስታ፣ «ስኮትላንድ ጣልያንን የበለጠችው በመሸነፍ ነው።» ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ወደ ዌልስ አምድ ወረዱ፤ 2፣ 1፣ 0፣ 0፣ 1። አምስት ጨዋታ፣ አምስት ሽንፈት፣ 4 ነጥብ። አንድ ድልም 4 ነጥብ ነው። ከታች በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፦ «አምስት ሽንፈት = አንድ ድል» ብለው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ጎረቤቴ ግን አልተጽናናም። «የእንጨት ማንኪያ ወሰድን» አለ። «በፈረንጅ ከ2003 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።»

ጋሼ ቀና አሉ። «ማንኪያው የት አለ?»

የለም። አባባል ነው። ጥንት ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ፈተና ጭራ ለወጣ ተማሪ የእንጨት ማንኪያ ይሰጡ ነበር፤ እስከ 1909 ድረስ የእውነት ይሰጥ ነበር፣ የመጨረሻው ከአንድ ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ራግቢዎቹ ስሙን ወሰዱ፣ ማንኪያውን ተዉት።

ይህ ከነጥቡ ሁሉ የበለጠ አናደዳቸው። «ከጎረቤት ጋር ለተጋጠመ ሁሉ ዋንጫ ተሠርቶ፣ ለዚህ አንድ ማንኪያ ታጣ? ያለ ዕቃ እንዴት ርክክብ ይደረጋል?» ብለው ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሲወጡ የባለቤቴን ማማሰያ ይዘዋል፤ ከመርካቶ ገዝተው ራሳቸው ያመጡላት፣ ጫፏ በበርበሬ የቀላ፣ ገና ትኩስ እንፋሎት የሚወጣት። ጎረቤቴ ፊት ቆመው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሰውየው ተነሣ፣ ቀይ ሹራቡን አስተካከለ፣ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ማማሰያዬን ማን ነካ?» የባለቤቴ ድምፅ ነው። «ሽሮው ሥር ያዘ እኮ!»

ጋሼ አልሰሙም። ደብተሩን አዲስ ገጽ ላይ ከፍተው ዕቃ፣ ብዛት፣ ቀን ጽፈው «አስረካቢ» በሚለው ላይ ፈርመዋል፤ አሁን እስክሪብቶውን ለጎረቤቴ ዘርግተው «ተረካቢ» የሚለውን በጣታቸው እያሳዩት ነው።